የትነበርሽ ሽማግሌውን ያስቀመጠች ቀን

የትነበርሽ አውሮፕላን ውስጥ ሥራ የጀመረችው በሆላንዱ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ፣ መጥረጊያ ይዛ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ከየወንበሩ ሥር የከረሜላ ወረቀትና የጋዜጣ ቁራጭ ትለቅማለች። ሆስተሶቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ቀና ብላ ታያቸውና፣ እኔስ ምን አነሰኝ ትላለች በሆዷ። ለሰው ግን አትናገርም፤ ዓይን አፋር ናት።

ሆላንድ ስትገባ ቋንቋው ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሆኖባት ነበር። ብቻ ከሥራ መልስ እየተማረች ቻለችው። ከዚያ በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት፣ ቱሪስት በርካሽ ወደ ስፔን የሚያመላልስ አንድ ትንሽ አየር መንገድ ሰው ሲፈልግ ደፍራ አመለከተች። ሥልጠናውንም አለፈች። የቀራት የሙከራው በረራ ነበር፤ እሱን ካለፈች ሆስተስ ናት፣ ካላለፈች ወደ መጥረጊያዋ።

በረራው አማረላት። ሻይ ሳታፈስ አደለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን አባበለች። ነገሩ የተበላሸው ሮተርዳም ካረፉ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ገና እየተንደረደረ አንድ ሽበታም ሰውዬ ብድግ ብሎ ሻንጣውን ሊያወርድ ተንጠራራ። የትነበርሽ ቀበቶዋን ታጥቃ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ሽማግሌ ቆሞ እሷ እንዴት ብላ ትቀመጥ? ያደገችበት ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ሁሉም «ኖር» ብሎ የሚነሳበት ነው። እግሯ አላስችል አላት። ቀበቶዋን ፈታ ተነሳችና አንገቷን ደፍታ ቆመች።

አለቃዋ ኢነከ የምትባል ሆላንዳዊት ናት። ክፉ አይደለችም፣ ግን ነገር አታለባብስም። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ወደ ጎን ወሰደቻትና፣ አውሮፕላኑ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ሁለታችሁም ወድቃችሁ ነበር አለቻት። የሚነሳ ሰው ሽማግሌም ይሁን ሚኒስትር ተጮኾበት ይቀመጣል። ቅዳሜ አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ፣ መጮኽ ካልቻልሽ ግን ሥራው ያንቺ አይደለም ብላ ቁርጡን ነገረቻት።

የትነበርሽ የምትኖረው ዙይድ በሚሉት በሮተርዳም ደቡብ ሰፈር ነው። ከሥሯ ባለው ፎቅ ጋሽ አበጋዝ አሉ፤ ዘመድ በሌለበት አገር እንደ አባት የሚያዩዋት ሰው። ሄዳ ያገኛትን ነገረቻቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«በይ እኔ ልነሳ፣ አንቺ አስቀምጪኝ» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን?»

«እኔን።»

በሽተኛ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። እሷ መሬት መሬት እያየች፣ እባክዎ ቢቀመጡ አለች።

«ይሄ የሰርግ ቤት ልመና ነው። የድመት ድምፅ እንኳ ካንቺ ይሻላል።»

ደጋግመው ተነሱ፣ ደጋግማ ለመነች። በመጨረሻ ሳቃቸውን ትተው ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሳዩዋት። አምና ዴን ሃግ ከተማ ሄደው፣ ትራም የሚሉት የመንገድ ባቡር ሳይቆም ተነስተው ነበር። አብረዋቸው የነበሩት ያገር ልጆች እያዩ፣ ትልቅ ሰው ተቀመጥ አይባልም ብለው ዝም አሉ፤ ትራሙ ፍሬን ሲይዝ ጋሽ አበጋዝ በጉልበታቸው ወደቁ።

«አክብረው ሰበሩኝ» አሏት።

ቅዳሜ ከስፔን ሲመለሱ ሮተርዳም ዝናብ ነበር። መንኮራኩሩ መሬት ከነካ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ግዙፍ አዛውንት ከመካከል ተነስተው የዕቃውን መደርደሪያ ከፈቱ። የትነበርሽ እግሯ እንደ ልማዱ ሊነሳ ቃጣው። የጋሽ አበጋዝ ጉልበት ትዝ አላት።

«ዚተን!»

ተቀመጡ ማለት ነው። ድምፁ ከየት እንደወጣ እሷም አታውቅም። አዛውንቱ እንደ ተማሪ ዱብ አሉ። ቀበቶውን ፈትቶ የነበረው ሁሉ መልሶ አሠረ። ከኋላ አንገቷን አስግጋ ታይ የነበረችው ኢነከ ራሷ ቀጥ ብላ ቁጭ አለች። ወዲያው አብራሪው ፍሬኑን ያዘ፤ ከተከፈተው መደርደሪያ አንድ ከባድ ሻንጣ ወርዶ አዛውንቱ ቆመውበት የነበረው መተላለፊያ ላይ ተፈጠፈጠ።

አዛውንቱ ሲወርዱ እጇን ይዘው አልለቅ አሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እንዲህ የተቆጣቸው ሰው እንደሌለ ነገሯት። ኢነከ የአየር መንገዱን የክንፍ ምልክት አወጣችና ደረቷ ላይ ሰካችላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያገር ሰው ጋሽ አበጋዝ ቤት ተሰብስቧል። የትነበርሽ ዩኒፎርሟን ለብሳ ገባች፤ እንድታሳያቸው አዘዋት ነው። ስትገባ ጋሽ አበጋዝ የወንበሩን ክንድ ተደግፈው «ኖር» ብለው ተነሱላት። ቤቱ ሙሉ አብሯቸው ተነሳ።

«ይቀመጡ!» አለች፣ በዚያው በአውሮፕላኑ ድምፅ።

ሁሉም ዱብ ዱብ አለ። እሷ በድንጋጤ አፏን ያዘች። ጋሽ አበጋዝ ግን ኮስተር ብለው፣ የሌለ ቀበቶ ከግራና ከቀኝ ስበው ሆዳቸው ላይ ቆለፉ።