ማካፈል የረሳው ክላይቭ

ክላይቭ ትሬጊላስ ዕድሜውን ሙሉ የሜልበርንን ትራም ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ሚስቱ ኖሪን "አሁን ደግሞ ቤቴን ሊፈታታ ነው" ብላ ፈርታ ነበር። እሱ ግን ጋራዡ ውስጥ ገባና የድሮ ብረት ለበስ የጦር መርከቦችን በጣት ልክ አሳንሶ መሥራት ጀመረ።

ብላክ ሮክ በሚባለው የባሕር ዳር ሠፈር ለምንኖር ሰዎች ይህ እብደት አይደለም። እውነተኛዋ ብረት ለበስ መርከብ እዚሁ ዳርቻችን ላይ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ትዝጋለች፤ ዋና የተማርነው እሷን እያየን ነው። ክላይቭ ርካሽ የፕላስቲክ መርከብ ይገዛና ግማሹን ቆርጦ ይጥላል። ያለቀ እስክሪብቶ ጭስ ማውጫ ይሆናል፣ የኖሪን መርፌ ደግሞ መድፍ። ኖሪን ቁልፍ ልትተክል መርፌ ባጣች ቁጥር ጋራዡን ትረግማለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሠፈሩ አዳራሽ ተሰብስበን መርከቦቻችንን እናዋጋለን። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ እናነጥፋለን፣ ጉዞውን በማስመሪያ እንለካለን፤ መድፉ ይምታ ይሳት የሚወስነው የምንወረውረው ባለነጥብ የመጫወቻ ጠጠር ነው። አፉ የማያርፈው ቧንቧ ሠራተኛ ባዝ የክላይቭ ዋና ጠላት ነው፤ ዋና ወዳጁም እሱው ነው።

አንድ ቅዳሜ ክላይቭ ከገዛ መርከቦቹ አንዷ ላይ ተኩሶ መታት።

"በለው! እኛ አንሰንህ ነው እንዴ ሽማግሌው?" አለ ባዝ። ሁላችንም ሳቅን።

ክላይቭ አልሳቀም። "ባንዲራዋ አልታየኝም። ዓይኔን መነጽርም አይመልሰውም ብሎኛል ሐኪሙ። አንዲት የጀመርኳት አለች፤ እሷን ጨርሼ ላምጣና በቃኝ።"

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላውቅም።

የመርከቧ ንድፍ ስላልታየው ኖሪን ቤተ መጻሕፍት ወስዳ በሁለት እጥፍ አሳድጋ አስገለበጠችለት። እሱ ደግሞ ልኩን ለሁለት ማካፈሉን ረስቶ በቀጥታ ከትልቁ ወረቀት ላይ ወሰደ። አዳራሽ አምጥቶ ከሌሎቹ መሃል ሲያስቀምጣት ጫጩቶቿ መሃል የቆመች ዶሮ መሰለች።

ክላይቭ መርከቧን ዳሰሳት፣ ጎረቤቷንም ዳሰሳት፤ ያኔ ገባው።

"ውይ፣ ማካፈሉን ረስቼ!" አለና ኮቱን አነሳ።

"ቆይ እስቲ" አለ ባዝ። "ከቆምክበት ባንዲራዋ ይታይሃል?"

ክላይቭ ዞሮ አያት። "የእሷማ ይታየኛል።"

"በል እሷን እዚህ ተዋትና ሂድ።"

ክረምቱን ሙሉ ክላይቭ አልመጣም። ጸደይ ሲገባ ኖሪን "መርከብህን አዳራሽ ረስተህ መቅረትህ ነው?" ብላ እጁን ይዛ አመጣችው። ነገሩን ታውቅ ነበር፤ መርፌዎቿን ያቀበለችን እሷ ናት።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መርከብ አልነበረም። ሁለት ባሕር ኃይል ተሰልፏል፣ መርከቦቹ ሁሉ በክላይቭ ትልቋ መርከብ ልክ በእጃችን አዲስ የተሠሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እርግጥ የኛ ሥራ ጌጥ ለመባል ብዙ ይቀረዋል፤ የኔዋ መርከብ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች።

ክላይቭ ጎንበስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር አያቸው። ከዚያ ጣቱን ቀሰረ።

"ያቺ ጭስ ማውጫዋ የተጣመመው የባዝ ናት።"

"ታየው!" ብሎ ጮኸ ባዝ። በስድብ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

ክላይቭ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። "አመሰግናችኋለሁ" አለ፤ "ሁላችሁንም።"

"ምስጋናህን ለኖሪን አድርገው። ከእንግዲህ የራስህን ብትመታ ሰበብ የለህም!" አለ ባዝ።

ክላይቭ ኮቱን አውልቆ ወንበሩን ሳበና ጠጠሩን አነሳ። የመጀመሪያ ጥይቱን ወደዚያች ጭስ ማውጫዋ ወደተጣመመው መርከብ ላከ።