ዓይኔን ጨፍኜ የጸለይኩበት አልጋ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ መድረኩን የለመንኩት ስለ አንድ እግር ልመሰክር ነው። የማን እግር እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እናንተን ትንሽ እወቅሳለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ነርሲንግ የደረሰኝ ዓመት እዚሁ ፊት አቁማችሁኝ እጅ ጫናችሁብኝ። እናቴ እዚያ ወንበር ላይ ሆና አለቀሰች። የመዘምራን እህቶች ነጭ ጋውን አሰፍታችሁ ሰጣችሁኝ። አንዲት እናት ጌታ ለሕመምተኞች ለይቶሻል አለችኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ደም ማየትም ሽታም እንደማልችል ማንም አያውቅም ነበር። የጠየቀኝም የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ያ ሁሉ ጸሎት ተጸልዮልኝ፣ አልፈልግም ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት?

በትምህርቱ ጎበዝ ነበርኩ። ወረቀት አይሸትም። በኋላ ሆስፒታል ለልምምድ ስንወጣ አባባ ከድር የሚባሉ ሕመምተኛ ተሰጡኝ። የሀዲያ፣ የሌሞ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ። እኔ እንደምታውቁት የከምባታ ልጅ ነኝ፤ በተሰባበረ ሀዲይኛዬ ሰላም ስላቸው ፈገግ ብለው በአማርኛ መለሱልኝ። ስኳር ይዟቸው ቀኝ እግራቸው ቆስሏል። ሐኪሙ፣ ቁስሉ ካልጠራ እግሩ ይቆረጣል ብሏል። የእኔ ሥራ በየቀኑ ቁስሉን ማጠብና ፋሻ መቀየር ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ፋሻውን ስፈታ ሽታው መጣ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እጄን ጉልበታቸው ላይ ጫንኩና ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ ጀመርኩ። ረጅም ጸሎት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የጸለይኩት ቁስሉን ላለማየት ነው። ስጨርስ አባባ ከድር በትዕግሥት እያዩኝ ነው።

"አሚን ብያለሁ ልጄ" አሉኝ። "አሁን እጠቢልኝ።"

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወርቅነሽ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። እሷም እንደኛው አማኝ ናት። አልተቆጣችኝም። "ለመጸለይማ ቤተሰቡም አለ። ይህን እግር የሚያጥብ ግን ዛሬ አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ።

አጠብኩ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ አስመለሰኝ። ለሲስተር ትምህርቱን ልተወው ነው አልኳት። እሷንም ማቅለሽለሹ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳሠቃያት ነገረችኝና በሱ አትወስኚ አለች። "ከሥራ ስትወጪ ልብሽ የት እንደሚቀር እዪ። ሰውዬው ካላሳሰቡሽ ተዪው፤ ነውር የለውም።"

ያን ሳምንት ጌታን ምልክት ለመንኩት። ሕልም ጠበቅኩ፣ ትንቢት ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። እሁድ እዚሁ ከመዘምራን ጋር ቆሜ ስዘምር ድንገት ግጥሙ ጠፋብኝ። ለካ የማስበው፣ እኔ ዛሬ ዕረፍት ነኝ፣ የአባባ ከድርን ፋሻ ማን ይቀይረዋል እያልኩ ነው። ሃሌሉያ! በሕልም የጠበቅኩት መልስ በፋሻ መጣ። አምልኮው ሲያልቅ የመዘምራን ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። አባባ ከድር ሲያዩኝ፣ ዛሬ ደግሞ ሙሽራ ሆነሽ መጣሽ ወይ ብለው ሳቁብኝ። ፋሻው ገና አልተቀየረም ነበር። ዓይኔን ገልጬ እየጸለይኩ አጠብኩላቸው። ሽታው እንደሆነ ያው ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ፣ እግራቸው ግን ተረፈ። ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም ነበር፣ በደንብ ስለታጠበ ነው አለ። እኔ ግን ክብሩን ለጌታ እሰጣለሁ፤ እሳቸውንም እኔንም ያቆመን እሱ ነው። ዛሬ ተመርቄ እዚያው ክፍል እሠራለሁ፣ ደስ ብሎኛል። አብራኝ የጀመረች ጓደኛዬ ደግሞ ራሷን መርምራ ይህ የእኔ አይደለም ብላ ወጣች። አሁን መምህርት ናት። እሷንም ጌታ አልጣላትም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከእኔ ቀጥሎ ውጤት የመጣላቸውን ልጆች ወደዚህ ልትጠሩ ነው። ነርሲንግ የደረሳት አንዲት እህት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታ አይቻለሁ። እህቴ፣ ጌታን እመኚው። እሺም ብትዪው እንቢም ብትዪው እውነትሽን ይሰማል። እንቢ ካልሽ እኔ ራሴ እዚህ አጠገብሽ እቆማለሁ።

እናንተም ቅዱሳን፣ እጃችሁን ጫኑባት። ግን ዓይናችሁን ከመጨፈናችሁ በፊት ዓይኗን አይታችሁ ጠይቋት።