አልወርድ ያለው የዋርካ ቅርንጫፍ

መቼ እንደሆነ በልክ አላስታውስም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሞባይል ግን ገና በሰው እጅ አልገባም። ወሩ ግንቦት እንደነበረ አውቃለሁ፤ ክረምቱ መጣ እየተባለ ሰው ሁሉ ቆርቆሮውን የሚያስመታበት ጊዜ ነበርና።

እንጀራዬ ዛፍ መመልመል ነው። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት እስክጀምር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከአባቴ ጋር ዛፍ ላይ አደግሁ። ጎንደር ውስጥ በሆቴልም ሆነ በመኖሪያ ቤት የዛፍ ቅርንጫፍ የመብራት ሽቦ ነካ፣ ጣራ ተጫነ ሲባል የምጠራው እኔ ነበርሁ።

ያን ጊዜ የጠሩኝ በገበያው ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ዋርካ አለ። አንዱ ቅርንጫፉ፣ ከወገቤ የሚወፍረው፣ ጣራው ላይ ተጋድሟል። ከሥሩ ባለው ክፍል ደግሞ ልጃቸው አራስ ናት።

«አያ፣ ዝናቡ ሳይጠና ያውርዱልኝ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ልጄ ሕፃኑን አቅፋ ትነሣለች» አሉኝ።

ትልቅ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይወርድም። መጀመሪያ ጫፉን አሳጥረው ያቀሉታል። ከዚያ ግንዱ አጠገብ ከሥር በኩል በመጋዝ ይነክሱታል፤ አለዚያ ሲወድቅ የዛፉን ልጥ ይዞ ይላጣል። በመጨረሻ በገመድ አንጠልጥለው ከላይ ቆርጠው ቀስ እያሉ ያወርዱታል። እኔም ጫፉን ጨርሼ፣ ከሥር ጠለቅ አድርጌ ነከስሁት። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሐጂ ወደ መስጊድ ሲሄዱ እኔና ገመድ የሚይዝልኝ ጓደኛዬ ምሳ ልንበላ ወጣ አልን።

በዚያች መሃል አንዲት የጎረቤት ባልቴት ገቡ። ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር ያችን ዋርካ ቅቤ የሚቀቡ ናቸው፤ ሐጂም ይህ የእርሳቸው እምነት ባይሆንም ለጉርብትና ሲሉ በሩን አይከለክሏቸውም። እናም አድባሯ ተነካሁ ብላ እንዳትቀየመኝ፣ ለእኔው አዝነው፣ ግንዷን በቅቤ አሹት። ያሹት ደግሞ እግሬን አሳርፌ የምነሣበትን ጉጥ ነው።

እኔ ምን አውቄ! ዋርካ ሲቆረጥ እንደ ወተት ያለ ነገር ያፈሳል፤ እጅ እግሬ በእሱ ተለውሶ ስለነበር ቅቤው አልታወቀኝም። በባዶ እግሬ ረግጬው ይዤው ወጣሁ። ቅርንጫፉ ዘንድ ደርሼ ዞር ስል እግሬ ሙልጭ አለ። ወገቤ ላይ የታሰረው ገመድ ባይዘኝ ዛሬ ይህን የሚጽፍ ባልኖረ። እንደ ስልቻ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

ስወርድ ደረቴና ክንዴ ተልጧል፤ አጥንቴ ግን ደህና ነው። ባልቴቷ ጉልበቴ ላይ ወደቁ።

«ልጄ፣ እኔው ነኝ! ለአንተ ብዬ ቀብቼው!»

«ተነሡ እማማ፤ ምንም አልሆንሁ» አልኋቸው። እውነትም አልተቀየምኋቸውም።

ጉዱ የመጣው በማግሥቱ ነው። ጉጡን በአመድ ፈትጌ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ልወጣ እግሬን ሳነሣ ጉልበቴ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ወረድሁ። ደግሜ ሞከርሁ፤ እምቢ አለኝ። ሐጂ ሌሎች መልማዮችን ቢያስጠሩ «አድባር ሰው ከጣለችበት ዛፍ አንወጣም» አሉ። ጓደኛዬም እርሻ ደርሶበት ወደ ኮላ ድባ ወረደ። ቅርንጫፉ ተነክሶ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሐጂ አራሷን ወደ እንግዳ መቀበያው አዛወሯት፤ ግን ያን የሚያህል እንጨት ከወደቀ የትኛውን ክፍል እንደሚመርጥ ማን ያውቃል?

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ጉርሻዬን ሳልውጥ እነሣለሁ። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ጫማዬን አጠልቄ ወደ ሐጂ ግቢ እሮጣለሁ፤ አንጋጥጬ አይቼ እመለሳለሁ፤ ቤቴ ሳልደርስ ደግሞ እዞራለሁ። በሩ ላይ ሻይ የሚሸጠው ሰውዬ «አያ፣ ምነው? ዛፏን ሊያጯት ነው እንዴ?» እያለ ያስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ገመድ ልገዛ ወጥቼ ሳላስበው ማኪና ተሳፍሬ ኮሶዬ ደረስሁ። እዚያ ነፋሱ ጽዱን ሁሉ ሲያጎነብሰው አየሁና የሐጂ ጣራ ታየኝ። ውሃ እንኳ ሳልቀምስ በመጣሁበት ተመለስሁ።

ስመለስ ሰማዩ ጠቁሯል። ሚስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ደጃፍ ቆማለች።

«ይምጡ እንሂድ። ገመዱን እኔ እይዛለሁ።»

«አንቺ?»

«ምነው? የአዲ አርቃይ ልጅ አይደለሁም? ጭነት የተጫነ በቅሎ በዚያ ቁልቁለት በገመድ እየያዝሁ ነው ያደግሁት። እርስዎ ከበቅሎ ይከብዳሉ?»

ሄድን። ወገቤ ላይ የታሰረውን ገመድ በግንዱ ሥር አዙራ ያዘች። ሻይ ሻጩ አላስችል ብሎት «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ባልዎን አሠሩት?» አላት።

«ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ታስሮ የለ! ገመዱ ዛሬ ታየህ?»

ጉጡ ላይ ቆሜ ጉልበቴ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ከታች ጠብ አነሣች።

«ይልቅስ ያንን ጥቁር በግ ለወንድምዎ ምን ብለው ሰጡት?»

«አሁን የበግ ጊዜ ነው?»

«ለፋሲካ ያልሁትን! ይንገሩኝ እንጂ!»

«ልጆቹ ታመውበት ነዋ!» አልሁና አንድ ጉጥ ወጣሁ።

«ልጆቹማ ሲጫወቱ አይቻቸዋለሁ!»

«ከዳኑ በኋላ ነው ያየሻቸው!» ብዬ ሌላ ወጣሁ። እንዲህ እየተነታረክን ዘወር ስል ቅርንጫፉ ዘንድ ደርሻለሁ። ተናድጄ ስለነበር መፍራቴን ረሳሁት። ራሴን በሌላ ገመድ ከግንዱ ጋር አሥሬ፣ የእሷን ገመድ ከበላይ ባለው ባላ ላይ አሳልፌ ቅርንጫፉን አሠርሁና መጋዙን ያዝሁ።

«ያዢ!»

«ይዣለሁ! ለበጉ ግን አልመለሱልኝም!»

እንጨቱ ጓ ብሎ ተገነጠለ። ገመዱ ተወጠረ፣ ግንዱን እየፋቀ ጮኸ። ቅርንጫፉ አየር ላይ ዞረ፤ ጫፉ የቆርቆሮውን ጠርዝ ነካ። እሷ ከግንዱ ጋር ተደግፋ፣ እግሯን ከሥሩ ጋር ገትራ፣ በትንሽ በትንሹ ለቀቀችለት። መሬት ላይ እንደ ደከመው በሬ ተኛ። አራሷ ሕፃኑን አቅፋ በር ላይ ወጣችና ጣራውን አየች፤ አንድም ቆርቆሮ አልተነቀለም። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ባልቴቷ እልል አሉ።

ስወርድ የሚስቴ መዳፍ በገመዱ ተልጦ አየሁ። ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዛፍ ላይ ወጣሁ፤ ጉልበቴም ተመለሰ። አሁንም ነፋስ ሲነሣ መቀመጥ አልችልም፤ ይህ ከእኔ የሚለቅ አልሆነም። ሰዎች ግን የአድባሯን ነገር አንሥተው «ማን አስታረቀህ? ማን አወጣህ?» ሲሉኝ፣ ጠንቋይ ወይም ደብተራ የምጠራ ይመስላቸዋል። ያወጣችኝም ያወረደችኝም ሚስቴ ናት።