የአማቴን መኪና ዘይት ያቀዘቀዝንበት ዓመት

መቱ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። የሚበዛው ሥራዬ የባጃጅና የሚኒባስ ጥገና ነው። ባለቤቴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ እሷን ሳገባ አባቷና የአባቷ ቀይ መኪና አብረው መጡልኝ።

አማቴ የቡና ነጋዴ ነበሩ። መኪናዋን በጎልማሳነታቸው ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ አዲስ አበባ ገዝተው ነው ያመጧት። ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት። ሙሽራቸውን የወሰዱት በእሷ ነው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ ማንም እንዲነካት አይፈልጉም ነበር፤ ከልጃቸው በቀር። ልጃቸው መጀመሪያ መሪ የጨበጠችው በዚያችው መኪና ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የመንገድ ሥራ ካምፕ የነበረበት ሜዳ አለ። ሠራተኞቹ ሲነሱ አስፋልት የለበሰ ዙሪያ መንገድ ትተው ሄዱ። የድሮ መኪና የሚወዱ ሰዎች ከጎሬም ከበደሌም እየመጡ በበጋ እሑድ ከሰዓት ይሽቀዳደሙበት ጀመር። ባለቤቴ አንድ ቀን ቆማ ካየች በኋላ ቤት ገብታ፣ «አባባ፣ እኔም ልግባ» አለች።

አማቴ ትንሽ አሰቡና፣ «ግቢ። ግን ሱታ ሱታ» አሏት። በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። የመኪና ሽቅድምድም ውስጥ ቀስ እንዴት እንደሚባል አልጠየቅናቸውም።

በመጀመሪያው እሑድ አምስተኛው ዙር ላይ የዘይት ግፊት መውደቁን የሚያስጠነቅቀው መብራት በራ። ባለቤቴ ወዲያው ሞተሩን አጥፍታ ዳር ያዘች። ሮጬ ደረስኩ። የራዲያተሩ ውሃ ደህና ነው፤ ሙቀቱን የሚያሳየው ጌጅ መሀል ላይ ቆሟል። ዘይቱም አልጎደለም። ግማሽ ሰዓት አርፋ ስትነሳ መብራቱ ጠፋ፣ እንደገና ስትሮጥ በራ። ያየ ሁሉ ምክር ሰጠኝ። አንዱ የዘይት ፓምፑን ቀይር አለኝ፣ ሌላው ወፍራም ዘይት ጨምር አለኝ። ወፍራሙን ሞከርኩ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አቃስቶ መነሳት ጀመረ፣ ከሰዓት ሜዳው ላይ ግን ያው መብራት መጣ።

በመጨረሻ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ የሙቀት ጌጅ ፈትቼ ከዘይቱ ጋር አገናኘሁት። ስድስተኛው ዙር ላይ መቶ አርባ ዲግሪ አለፈ። ፓምፑ ጤነኛ ነበር። ዘይቱ ከሙቀቱ ብዛት እንደ ውሃ ቀጥኖ ነው ግፊቱ የሚወድቀው። ያቺ መኪና የተሠራችው ለሽርሽር ነው፤ ዘይቷን የሚያቀዘቅዝላት ነገር የላትም።

ስለዚህ ማቀዝቀዣ ልሠራላት ተነሳሁ። ከአሮጌ አውቶማቲክ መኪና ላይ ትንሽ የዘይት ራዲያተር አገኘሁ። ከፊልትሮው ሥር ዘይቱን አውጥቶ የሚመልስ ማገናኛ አስቀረጽኩ፣ የትራክተር ቱቦ ከሚሠራ ሰው ጠንካራ ቱቦ አስቆረጥኩ። የት እንደማስረው ነው የቸገረኝ። ከፊት፣ ከግጭት መከላከያው ከፓራውልቱ በታች፣ ንጹሕ አየር የሚመታው ቦታ አለ፤ ግን የፊቷ ላሜራ ካልተቀደደ አየር አይገባም።

ለአማቴ ነገርኳቸው። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ፊቷን?» አሉኝ።

«ከታች ነው አባባ፣ ብዙም አይታይም።»

«ለእኔ ይታየኛል። ሌላ ቦታ ፈልግ ልጄ።»

እሺ አልኩ። ከውሃው ራዲያተር ጀርባ አሰርኩት። እዚያ የሚደርሰው አየር ግን ራዲያተሩን አቋርጦ የሞቀ ስለሆነ ያተረፍነው አምስት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። እኔም ደግሜ አላነሳሁም፤ መኪናዋ የእሳቸው ናት።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ለሙከራ ወደ ጎሬ አቀበት ልትወጣ ስትል አማቴ፣ «ዛሬ እኔም እገባለሁ» ብለው ጎኗ ተቀመጡ። እኔ በሞተር ሳይክል ተከተልኳቸው። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ካፊያ ይጥላል፣ ከኮፈኑ እንፋሎት ይነሳል። አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው አጎንብሰዋል፤ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው እየቀዘቀዘ ሲንጣጣ ይሰማሉ።

«መብራቱን በዓይኔ አየሁት» አሉኝ ቀና ብለው። «ፊቷን ስጠብቅ ሆዷን ላቃጥለው ነው እንዴ?»

ባለቤቴ ልትናገር ስትል እንድትተዋቸው በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ወደ ቤት ተመለስን።

በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ ጋራዥ መጡ። ከልጃቸው ቦርሳ ጠመኔ አስወጥተው በከዘራቸው ተደግፈው ተንበረከኩና ከፓራውልቱ ሥር ራሳቸው መስመር አሰመሩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ፣ «ከዚህ አትለፍ» አሉኝ።

አላለፍኩም። ስቆርጥ ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ አልሄዱም። ላሜራው እንዳይርገበገብ ከአንድ ወገን ያዙልኝ፣ ጠርዙንም በሞረድ ያለሰለሱት እሳቸው ናቸው። ማቀዝቀዣውን ቀዳዳው ፊት ሰቀልኩ። አየሩ በጎን እንዳያመልጥ በቀጭን ላሜራ ቦይ ሠራሁለት፣ የሞቀው አየር እንዲወጣም ከሥር ያለውን የጭቃ መከላከያ ፈታሁ። የቱቦው ማጥበቂያ ፋሼታ መጀመሪያ ቀን ዘይት አንጠባጠበ፤ ደግሜ አጠበቅኩት፣ ቆመ። የመቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ዘይቱ ሳይሞቅ እንዳይቸገር ባለቤቴ ለቀዳዳው የቆዳ መሸፈኛ ሰፋች። ከተማ ውስጥ ትዘጋዋለች፣ ሜዳ ስትደርስ ትከፍተዋለች።

በሚቀጥለው ውድድር ዘጠኝ መኪና ተሰለፈ። አሥር ዙር ነው። አምስተኛው አለፈ፣ ስድስተኛውም አለፈ። አማቴ አጥሩን ይዘው በፊታችን ባለፈች ቁጥር፣ «በራ? በራ?» ይሉኛል። እኔ ከውጭ ሆኜ ምን አያለሁ! ሰባተኛው ዙር ላይ ባለቤቴ በመስኮት አውራ ጣቷን አሳየችን። አማቴ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው የሜጫ ኦሮሞ ልጅ እንደሚፎክር ፎከሩ፤ አጠገባችን የቆሙት እናቶች እልል አሉላቸው።

አራተኛ ወጣች። ወርዳ መጀመሪያ የተናገረችው፣ «መቶ አሥር! ከመቶ አሥር ንቅንቅ አላለም!» የሚል ነበር። አማቴ ግንባሯን ሳሟት። ከዚያም እኔን ሳሙኝ፤ ከሠርጋችን ቀን በኋላ ስመውኝ አያውቁም ነበር።

መቀመጫው ሁለት ስለሆነ እኔ ወደ ቤት የተመለስኩት በሚኒባስ ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ቀይዋ መኪና ክላክስ እያሰማች አለፈችን። አማቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሚኒባሱን በሙሉ እንደ ዘመድ በእጃቸው ሰላም አሉት። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «ማን ናቸው እኚህ ደስተኛ ሽማግሌ?» ሲሉኝ፣ «አባቴ ናቸው» አልኳቸው።