በሐሙስ ዳዊት መካከል የቀረ ክር

ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ወር መስከረም ጠባ። ጎረቤቶቼ ሐዘንተኛ ነችና በዓሉ አይታያትም ብለው በር በሬን ዝም ብለው ያልፉ ነበር። እውነት ነው፣ አልታየኝም። እኔ የምቆጥረው ሌላ ቀን ነበር። የደብራችን የኔታ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ነው፤ እሱን ነበር የምጠብቀው።

ባለቤቴ የቤተ ክህነት ሰው አልነበረም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ነገር ግን ልጅነቱን አገር ቤት ቄስ ትምህርት ቤት ስላሳለፈ ዳዊት መድገም አልተወም። ዳዊት በየቀኑ ተከፋፍሏል፤ የሰኞ አለ፣ የማክሰኞ አለ፣ እንዲህ እያለ ሳምንቱን ይሞላል። እሱም ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጋቢውን ለብሶ፣ የመስኮቱን አንድ ክንፍ ከፍቶ፣ ቆሞ የዕለቱን ያነባል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በዚያው ይገባል። እኔ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዬ ስቤ፣ አሁንስ ይህን መስኮት በምስማር ነው የምመታው እያልኩ እተኛለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነቃሁት በዚያ ድምፅ ነው። ግዕዙ አይገባኝም ነበር። ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ግን እንደ ቤቴ ደረጃ አውቀው ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መካከል ላይ አቆመ። ወገቡን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለምልክት የሚያደርጋት ቀይ ክር ነበረችው፤ የደረሰበት ላይ አጋደማትና መጽሐፉን ዘጋ። "የቀረውን ስመለስ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። ሆስፒታል ወሰድነው። በስድስተኛው ቀን ሬሳውን ይዘን ተመለስን።

የነፍስ አባታችን ለቅሶ ሲደርሱ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አንሥተው ሊገልጡት ሲሉ ከእጃቸው ላይ ቀማኋቸው። ቤት ሙሉ ሰው እያየኝ ነው ይህን ያደረግኩት። ክሯ እንዳትነቃነቅ ብዬ ነው። እሳቸው አልተቆጡም፤ የቀረውን ካህናቱ ያድርሱልሽ አሉኝ። የለም፣ እኔ ነኝ የማደርሰው አልኳቸው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ፊደል ነው የምመታው። ዳዊትን ማንበብ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር። ግን ባለቤቴ በሕይወት እያለ አንድ ጊዜ ሞክሬ "ዜና አንባቢ ሆንሽ እኮ" ብሎ እንባው እስኪመጣ ስቆብኛል። ለብቻዬ ስሞክረውም ያው ዜና ሆነብኝ። የነፍስ አባቴ እንግዲያስ የኔታ ዘንድ ግቢና ንባቡን ተማሪ አሉኝ። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። ለሙት ዓመቱ ከክሯ ጀምሬ እጨርሳለሁ አልኩ። አንድ ዓመት ከበቂ በላይ መስሎኝ ነበር።

የመስቀል ሳምንት ቀበሌያችን በር ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሴቶች ለአዲሱ ዙር መሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆነው ተመድበዋል ይላል። ስሜ ሦስተኛው ላይ ነበር። ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት። ቅዳሴ የሚያልቀው ሦስት ሰዓት ነው። የኔታም ተማሪዎቻቸውን የሚሰበስቡት ቅዳሴ ሲያልቅ ነው።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈራችን ያደገ አናጢ ነው፤ የባለቤቴን የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ስብሰባ ላይ "ጓዲት" ይለኛል፣ ቢሮው ውስጥ ለብቻችን ስንሆን እትዬ ነኝ። ቀኑን እንዲቀይርልኝ ለመንኩት፤ ምክንያቱንም አልደበቅኩትም። እስክጨርስ ሰማኝና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ለሞተ ሰው የሚነበበው ይቆያል። እነዚህ እናቶች ግን ያረጁብናል።"

 እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ክፋት አለመናገሩ ነው። ክፉ ቃል ቢሆን ኖሮ እየተራገምኩ እወጣ ነበር።

የመጀመሪያውን እሁድ ግን ቀበሌው ይጥራኝ ብዬ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ጥዱ ሥር ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። ወለሉ ገና የክረምቱ ጭቃ አልደረቀም። ያገኘኋቸው ተማሪዎች ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ ትልቋ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። በእነዚያ ዓመታት ከፍ ከፍ ያሉት ወደ ወጣት ማኅበሩ ስለሚጠሩ ወደ ዳሱ ዝር አይሉም። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያዩት በጆሯቸው ነው ማለት ይቻላል። ጀማሪ የሚያነብባትን የዮሐንስን መልእክት ሰጡኝና አንብቢ አሉኝ። እኔም ሳልደናቀፍ፣ አንድም ፊደል ሳልስት፣ ገጹን ጨረስኩት። ቀና ብዬ ጠበቅኋቸው።

"ፊደሉን ታውቂዋለሽ" አሉኝ። "የተቸገርኩትም ለዚህ ነው። የማያውቅ ሰው ይሻለኝ ነበር።"

ከዚያ ስንደዶ ሰጡኝ። እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶው ጫፍ እየነካሁ፣ አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እንድጠራ፣ ቃሉን ጠቅልዬ እንዳልናገር አዘዙኝ። ንባብ የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ ልጅም ሆነ ባልቴት አይለይም። በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በጥቁር ልብሴ፣ አፍንጫቸው ከሚፈስ ልጆች መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፊደል ስነካ ዋልኩ። ቤቴ ስገባ ስንደዶውን ሰብሬ ጣልኩት። በሚቀጥለው ስሄድ ሌላ ሰጡኝ።

ቀጥሎ የነበሩትን ሁለት እሁዶች ቀበሌው ወሰዳቸው። ስብሰባ ባለበት እሁድ መጀመሪያ እሱ ነው፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ሰው ስኳሩ ሲታደል ይታሰብበታል። ከስብሰባው ቀጥሎ እዚያው አዳራሽ ውስጥ እኔ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እያወረዱ አዲሱ ገበያ የሚሸጡ እማማ ነበሩ። ስልሳ አልፏቸዋል። አንዲቱን ፊደል አትኩረው አይተው፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው፣ ወደ ቀጣዩዋ ለመሄድ ከሸጎሌ ከብት ገበያ በሬ ነድቶ የሚመጣ ሰው ያህል ይቆያሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የኔታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ይሆናል እላለሁ። አንድ ቀን "ይፍጠኑ እንጂ እማማ" አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

"ስልሳ ዓመት የቆየሁትን ነገር፣ ልጄ፣ ዛሬ ከምሳ በፊት ልታስጨርሺኝ ነው?" አሉኝ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ።

እማማ ጉዳዬን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። በሳምንቱ ሴቶቹን አስከትለው ሊቀመንበሩ ቢሮ ገቡ። እሁድ ከስብሰባ በኋላ ዓይናችን አያይም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚያይልን ብለው ክርክር ገጠሙት። እሱም ለእኔ ብለው መሆኑ ገብቶታል፣ ግን ስድስት አሮጊት ዓይኔ አያይም ሲል ምን ይበል። ትምህርቱ ወደ ቅዳሜ ዞረ። ስብሰባው ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ እንደነበረ ቀረ፤ እኔም አንድ እሁድ ለየኔታ፣ አንድ እሁድ ለቀበሌ ሆንኩ። የኔታ ዘንድ የተማርኩትን ቀበሌ ስውል እረሳዋለሁ። ልጆቹ አለፉኝ። አብራኝ የጀመረች ባለ ሹሩባ ልጅ ጥር ላይ ከፊደል ወጥታ ቃሉን አያይዛ ማንበብ ጀመረች። እኔ ያው ስንደዶ።

ግንቦት ላይ የኔታ በመጨረሻ፣ የምታነብቢውን መጽሐፍ አምጪው አሉኝ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ክሯ እንዳትንሸራተት መንገዱን ሁሉ በሁለት እጄ ጨብጬው ነበር። ሲገልጡት ጣታቸው ክሯን አገኘና ይህች ምንድን ናት አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ሐሙሱን፣ ሕመሙን፣ ያለኝን ቃል፣ ከዚህች ጀምሬ ልጨርስለት መሆኑን። 

"አውጫት" አሉኝ። "መካከል ላይ ያቋረጠ ሰው ከቀኑ ራስ ነው የሚጀምረው። እሱም ቢመለስ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ያስተማሩት ሳይነግሩት አይቀሩም።"

አሥር ወር። አሥር ወር ሙሉ ያቺን ክር እንደ ዕንቁላል ጠብቄያታለሁ። መጽሐፉን አቧራ ስጠርግ እንኳ አልገልጠውም ነበር፤ የነፍስ አባቴን በሕዝብ ፊት ያዋረድኩት ለእሷ ነው። እሱ ራሱ ቢሆን ከሆስፒታል መጥቶ መዝዞ የሚጥላት ነገር ናት። ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም አልኳቸው የኔታን። አልጠየቅሽኝም አሉኝ። መጽሐፌን ጠቅልዬ ወጣሁ። በሚቀጥለው የየኔታ እሁድ አልሄድኩም፤ ከዚያም በኋላ ባለው አልሄድኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀበሌው የሌለበት መቅረት ነበር።

የሙት ዓመቱን ካህናቱ አደረሱት። እኔ ጓዳ ሆኜ እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ።

ጳጉሜን ላይ ቦኖ ውኃ ተሰልፌ እማማ ከኋላዬ ደረሱ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን ከተቀበሉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፤ የኅብረት ሱቁን ማስታወቂያ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ያነቡለታል።

"እሁድ እሁድ ደጅሽ ላይ ተጎልተሽ አይሻለሁ" አሉኝ። "ትምህርት ቤትሽ ፈረሰ እንዴ?"

የክሯን ነገር ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው እንስራቸውን እያስጠጉ ፊቴን አዩኝ።

"እና ወደ ኋላ ተመለሺ ስላሉሽ ነው ያኮረፍሽው? እኔን በዚህ ዕድሜዬ 'ሀ ይበሉ' ስትይኝ አኮረፍኩብሽ?"

ከዚያ ወረፋቸው ደረሰና ውኃቸውን ቀዱ።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ዳሱ ውስጥ አዳዲስ ልጆች ነበሩ። የኔታ ድምፄን ሲሰሙ የት ጠፋሽ አላሉኝም፤ ስንደዶ ዘረጉልኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። ክሯን ገጹን ሳላይ ስቤ አውጥቼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳትና ከሐሙስ ራስ ጀመርኩ። የሐሙሱ ረጅም ነው። ስብሰባው የሚበላውን እሁድ በልቶ፣ በቀረው ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ ጥምቀት አለፈ።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ የኔታ አንዲት ቃል ላይ ያዙኝ። ድምፄን ማንሣት ሲገባኝ ዝቅ አድርጌ ጥያታለሁ። ድገሚ አሉኝ። ደገምኩ። ድገሚ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። በሦስተኛው ደሜ ፈላ፤ በአራተኛው እንደ ምንም አለፍኩና ከንዴቴ የተነሣ እስከ ገጹ ታች ድረስ ሳላቆም ሄድኩ። ለዛሬ ይበቃሻል አሉኝ።

ቤቴ ስደርስ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ያነበብኩትን ለመድገም ገለጥኩት። እዚያ ገጽ ላይ፣ በስተ ቀኝ በኩል፣ ቀጭን ቀይ መስመር ነበረች። በክረምቱ እርጥበት ክሯ ቀለሟን ለቃበት ኖሯል። ያስቸገረችኝ ቃል ልክ ከዚያች መስመር ሥር ናት። እሱ ያቆመበትን ቦታ ሳላውቀው፣ በየኔታ ላይ እንደተናደድኩ አልፌዋለሁ።

ተነሥቼ የመስኮቱን አንድ ክንፍ ከፈትኩ። ቃሏን ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኳት። አሁንም ጣልኳት።