«አይጎዳም» ያልኩት ቅባት

ወረታ ከተማ መድኃኒት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ አቶ መኮንን ነጭ ጋዋን፣ የክኒን መቁጠሪያ ሳሕንና አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ። «የመድኃኒቱን ስም ሦስት ጊዜ አንብቢ። ከመደርደሪያ ስታወርጂ፣ ስትቆጥሪና ለሰው ስትሰጪ።»

«አንዴ በደንብ ካነበብኩትስ?» አልኳቸው።

«አንዴ ስታነቢ የጠበቅሽውን ነው የምታነቢው።»

እዚያው ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ሠራሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆኖታል። ይህን የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር ነው፤ ከዚያ በላይ አልችልም። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው እሱ ስለሆነ ግን እሱን ትቼ ልጽፈው አይሆንልኝም።

ወረታ ባለችበት በፎገራ ሜዳ ያላበው ሰው ሁሉ ወባ የያዘው ይመስለዋል። ሩዝ የሚታረምበት ወራት ሲመጣ መድኃኒት ቤታችን ይሞላል። ከሚመጡት መካከል ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የደረሰ ሴቶች ነበሩ፤ ድንገት ፊታቸውን እሳት ይለበልባቸዋል፣ ያልባቸዋል፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ደማቸው ሲመረመር ወባ የለም። ወር አበባ ሲቋረጥ የሚመጣ ሙቀት ነው። ይህን የሚነግራቸው ሰው ብዙ አልነበረም።

እትዬ ጥሩወርቅ ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ወር አበባቸው ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። አንድ የገበያ ቀን፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብተው ሲመለሱ፣ ወደ እኔ መጡ።

«በሙቀት ላይ ሙቀት ማን አዘዘልዎት?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«ጎረቤቶቼ ናቸዋ! ወባ ነው ሲሉኝ ኪኒን፣ ብርድ ነው ሲሉኝ ፍል ውኃ። ተይው አሁን፤ እስቲ ይህን አንብቢልኝ።»

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው በስልክ ከሚሸጥ ሰው ገዝታ የላከችላቸው ቅባት ነው። በእንግሊዝኛ «ተፈጥሯዊ፣ ከዕፅዋት የተገኘ፤ ከሰውነት ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት» ይላል። ከሥሩ ኢስትሮጅን የሚል የሴቶች ሆርሞን ስም አለ። የፋብሪካ ስም የለውም። የምርት ቁጥርም፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀንም የለውም። እነዚህ የሌሉትን መድኃኒት እኛ ራሳችን ከመደርደሪያ አናስቀምጥም ነበር። ከኋላቸው ስምንት ሰው ተሰልፏል።

«ከዕፅዋት የተሠራ ነው፤ አይጎዳም» አልኳቸው።

አንድ ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ከወር በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንቅልፋቸው ተመልሷል፣ ፊታቸው በርቷል። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ባለቤቴ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ «እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬም ከቅጽር ውጭ ነው ያስቀደሱት። ከቄሱ ጋር ተጣሉ እንዴ?» አለኝ።

«ዛሬም ማለት?»

«ከፍልሰታ ጀምሮ እዚያው ዛፍ ሥር ናቸው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ከባላቸው ጋር የቆረቡ ሴት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም። በአገራችን አንዲት ሴት ሳትታመም፣ ሳታዝን፣ ወደ ውስጥ ሳትገባ ከቅጽር ውጭ የምትቆምበትን ምክንያት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ደም ያዩ ነበር?»

ጓሮውን ገልመጥ አደረጉ። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ወር አበባዬ ተመለሰ። በዚህ ዕድሜዬ! መጀመሪያማ መድኃኒቱ ሠራ፣ ልጅነቴ መጣ ብዬ ነበር። ነጻሁ ስል ደግሞ ይመጣል። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።»

«ቅባቱንስ?»

«አላቋረጥኩም። አይጎዳም ብለሽኝ የለ?»

በማግሥቱ ባሕር ዳር ይዣቸው ሄድኩ። የማህፀን ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ብልቃጡን አገላብጣ አየችውና፣ «ይህን አይጎዳም ያላቸው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲሆን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን እያወፈረ እንደሚሄድ፣ ማህፀን ያላት ሴት ሽፋኑን የሚጠብቅ ሁለተኛ ሆርሞን አብራ መውሰድ እንዳለባት ነገረችን። መነሻው ዕፅዋት ቢሆንም ሆርሞኑ የሚሠራው በላቦራቶሪ ነው። ከሰውነት ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ተመርምሮ የተፈቀደ መድኃኒት አለ፤ ለሚያስፈልጋት ሴት በሐኪም ታዞ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ብልቃጥ ውስጥ ግን ምን ያህል እንዳለ ማንም አያውቅም። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የጉበት ሕመም የነበረባት ሴት ደግሞ ከመጀመሯ በፊት መናገር አለባት። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቅሁም።

ከማህፀናቸው ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የጠበቅንባቸውን ሳምንታት ባለቤቴ ሥራ እያደረሰኝ፣ ከሥራ እየመለሰኝ ከረመ። ከጎኔ ይሄዳል፣ ያው ነው።

ካንሰር ገና አልሆነም፤ ሴሎቹ ግን መለወጥ ጀምረዋል ተባለ። ማህፀናቸው ወጣ፣ ዳኑም። አሁን ቅጽር ውስጥ ገብተው ያስቀድሳሉ። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ይዘሽኝ የሄድሽውስ አንቺ አይደለሽ? በይ ተይኝ» አሉኝ። ቢሉኝም አልቀለለኝም።

ለአቶ መኮንን ስነግራቸው ወንበር አምጥተው ከባንኮኒው ጥግ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ሆርሞን የሚጠይቅ ሰው እየተቀመጠ ይጠየቅ ጀመር፤ ሰልፉ ይጠብቃል።

ተፈጥሯዊ ቢባልም ሆርሞን መድኃኒት ነው። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን አትጀምር። ወር አበባዋ ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ጠብታም ብትሆን፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ትሂድ። መድኃኒት የሚያድል ሰው ደግሞ ያላወቀውን ሲጠየቅ አላውቅም ይበል። እኔ ያን ቀን አላልኩም።