የዘመድ ማይክሮፎን

ውዱ የሚሉት ድምፅ አከራይ ዕቃ ሳይገለብጥ የገዛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማንቆርቆሪያም ይሁን መብራት ገልብጦ ጀርባውን ያነባል፤ የት እንደ ተሠራ፣ በስንት ቮልት እንደሚሄድ፣ ብሎኑን ሰው ነካክቶት እንደሆነ ያያል። ሚስቱ ባንቺአየሁ «ሲያጨኝም ጀርባዬን ያነበበ ይመስለኛል» እያለች ታሾፍበታለች።

እንጀራውን የጀመረው ጣራ ላይ ነው። በልጅነቱ ከጎንደር ወደ እስራኤል መጥቶ፣ ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ፣ ሠራዊት ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግን ከርሞ፣ ሲወጣ አንቴና ተካይ ሆነ። ከሚኖርበት ከክርያት አታ እስከ ጎረቤቱ ከተማ ሞጽኪን ያልወጣበት ጣራ የለም። በፈረንጆቹ 2011 የድሮው የቴሌቪዥን ስርጭት ተዘጋና ዲጂታሉ መጣ። ሰዉ ትንሿን ሳጥን ከሱቅ ገዝቶ ራሱ ሰካት፤ አንቴናው ጣራ ላይ የርግብ ማረፊያ ሆኖ ቀረ። ውዱ መሰላሉን ሸጦ ድምፅ ማጉያ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግም ለተዝካርም ድምፅ ያከራያል።

ስርጭቱ ለቆት የሄደው ሞገድ ግን ባዶውን አላደረም። ከፊሉ ለስልክ ኩባንያዎች ተሰጠ። ገመድ አልባ ማይክሮፎኖች ደግሞ ድሮውንም በቴሌቪዥኑ ሞገድ ጥጋጥግ ተጠግተው፣ እንደ ጭሰኛ ነበር የሚኖሩት። ባለርስቱ ሲለወጥ ጭሰኛው ውጣ ተባለ። ውዱ ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ማይክሮፎኖች በጊዜ ጣለ፤ አዲስ እስኪገዛም በገመድ ይሠራ ጀመር።

የአክስቱ የእናኑ ልጅ ታሚር ገመድ አልባ ማይክሮፎን የሞላ ጥቁር ሻንጣ ይዞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ታሚር እዚያው አጠገብ፣ ቢያሊክ ከተማ፣ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከሰውየው ቀድሞ ሽቶው ይገባል።

«አኺ፣ ወንድሜ፣ አዲስ በለው። አዳራሹ ዕቃ ሲለውጥ ላንተ ብዬ ነው ያስቀረሁት።»

ውዱ አንዱን ማይክሮፎን አነሳና እንደ ልማዱ ሊገለብጠው ሲል፣ ከልጃቸው ጋር የመጡት እናኑ ጣልቃ ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ የወንድምህን ዕቃ እንደ ሌባ ዕቃ ትፈትሻለህ?»

እጁን ሰበሰበ፤ ከፈለ። እንግዶቹ ከሄዱም በኋላ መገልበጡ አክስቱን መስደብ መሰለውና ተወው። ብቻ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ማማድ ውስጥ ገብቶ ሞከረው። ድምፁ ኩልል ያለ ነበር። ማማዱ ለሚሳኤል ተብሎ በወፍራም ኮንክሪት የታነፀ ክፍል ነው፤ ስልክ እንኳ ደህና አይሠራበትም፤ ማይክሮፎን የሚረብሽ ሞገድም ከደጅ አይገባበትም። ይህን ውዱ ያውቃል። ያን ቀን ግን አላሰበውም።

ዕቃውን መጀመሪያ ያወጣው ሊያል ለምትባል የሰፈር ልጅ ሠርግ ነበር። አያቷ አባ ካሣዬ መቆም ስለማይችሉ፣ ምርቃቱን ከተቀመጡበት እንዲያሰሙ ውዱ ማይክሮፎኑን ወስዶ በእጃቸው አስጨበጣቸው። ሽማግሌው ገና «ልጆቼ» ከማለታቸው አዳራሹ በሙሉ ስልኩን አወጣ፤ ግማሹ ይቀርጻል፣ ግማሹ ጎንደር ላለው ዘመድ በቀጥታ ያሳያል። ድምፅ ማጉያው ጠርረረ አለ። ስልክ በተጨመረ ቁጥር ጩኸቱ ባሰ።

«ውዱ፣ ወፍጮ ነው እንዴ ያመጣኸው?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ከገበታ ገበታ ዞረ።

አባ ካሣዬ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አራቁት። «ልጄ፣ እኔ ነኝ እንዲህ የምንጫጫው?»

«አንቱ አይደሉም አባ፤ ዕቃው ነው» አለ። ያኔ ገለበጠው። ቁጥሩ እዚያው ጀርባው ላይ ነበር፤ ያ ለስልክ የተሰጠው ሞገድ።

ገመድ ያለውን አሮጌ ማይክሮፎኑን አወጣ። ገመዱ አልደርስ ቢለው ድምፅ ማጉያውን ራሱን በሰው መሐል እየጎተተ ወደ ሽማግሌው ገበታ አመጣው። ምርቃቱ ተሰማ። ግን ሰዉ ወደ ምግቡ ተነሥቶ ነበር፣ ሽማግሌውም ደክመው አሳጠሩት፤ ሙሽራይቱ ዓይኗን ስትጠርግ ውዱ አየ። ያገራችን ሰው ደግሞ ምርቃቱን ረስቶ ጩኸቱን ነው የሚያወራው። አንድ ሠርግ ያበላሸ ድምፅ አከራይ ስሙ ከክርያት አታ ተነሥቶ ሩቋ ነታንያ ለመድረስ አውቶቡስ አይጠብቅም።

በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ እናኑ ቤት ሄደ። ታሚር ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል።

«ይህ ሞገድ መከልከሉን ታውቅ ነበር?»

«አዳራሹ ለምን ጣለው ታዲያ? ሁሉም ያውቃል፣ አኺ።»

«ለእኔ ግን አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅኸኝማ።» ልጣጩን በመዳፉ ላይ ተፋ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ አትቆጣ። እዚያ አንተ ሰፈር ላለው ጸሎት ቤት እንሽጣቸውና ገንዘብህን መልስ። ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቢጮኽም ጆሯቸው የታመመ ነው የሚመስላቸው።»

ውዱ ሻንጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአባ ካሣዬ ጥያቄ ትዝ አለው፤ «እኔ ነኝ እንዲህ የምንጫጫው?» ይህ ልጅ ያንን ጥያቄ በችርቻሮ ሊሸጠው ነው። የሽቶው ሽታ፣ የልጣጩ እርጥበት፣ ያ «አኺ» የሚባለው ቃል፣ ሁሉም አንገሸገሸው።

«በሥጋ መሐል እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም» አሉ እናኑ፣ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጥለው። «ይዘኸው ሂድ።»

ውዱ ከኪሱ ፒንሳ አወጣ። ማይክሮፎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ አንቴናቸውን ከሥሩ ቆረጠ፤ ቁርጥራጩን ከሱፍ ልጣጩ ጎን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«አብደሃል» አለ ታሚር።

«አሁን ለማንም አይሸጡም።»

«በቤቴ ደፈርከኝ» አሉ እናኑ። ውዱ ወጥቶ አውቶቡስ ጠበቀ። የቆረጠበትን እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ፤ ግን የሚጠፋ ነገር አልነበረበትም።

እናኑ ሲያዩት መንገድ እየቀየሩ ከረሙ። ሥራውም ቀዘቀዘ፤ ድምፅ የሚፈልግ ሁሉ «ያ ወፍጮው?» እያለ ይጠይቃል። ውዱ የታሚርን ስም አንሥቶ ራሱን ነፃ አላወጣም። ሥጋውን ለመከለል አልነበረም፤ ስሙን አፉ ውስጥ ማስገባት ስለቀፈፈው ነው።

ኋላ እናኑ ራሳቸው ለዕርቅ መጡ። ልጃቸውን አላመጡም፤ በእጃቸው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል። ባንቺአየሁ በሁለት እጇ ተቀበለች። ውዱ ከእጇ ወሰደውና፣ በአክስቱ ዓይን ሥር፣ ቀስ ብሎ ገለበጠው። ጀርባውን እስከ መጨረሻዋ መሥመር አነበበ፤ ብሎኖቹን በጥፍሩ ነካ፤ ሽቦውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየ።

እናኑ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ እስኪጨርስ ግን ቆመው ጠበቁት።

«ደህና ነው» አለ ውዱ።

«እንግዲያ ውኃ ሙሉበታ» አሉ እናኑ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።